አፉ የተዘጋው ስድስት

ኮምፓስን አንድ ተራ ቀን ምን ያስከፍላታል ብለን እንቁጠር ካልን፣ መጀመሪያ የሚወጣው ዓይኗ ነው። ጠዋት ጥርት ብሎ ቢሮ የገባው ዓይን ምሳ ሰዓት ላይ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራታል፤ አመሻሽ ላይ ልጇ የሳለችውን ሥዕል ይዛ እየሮጠች ብትመጣ «እስቲ አስጠጊልኝ» ሳትል አይታያትም። ቀጥሎ የቀኝ እጇ አንጓ አለ። ቀኑን ሙሉ ማውዝ ጨብጦ ስለሚውል ማታ ሽንኩርት መክተፍ ላይ ይከዳታል። ወገቧንስ ተዉት፤ መኖሩን የሚያስታውሳት ሕመሙ ብቻ ነው። ከሁሉ የበለጠውን የሚከፍለው ግን ጆሮዋ ነው። ቢሮ ሆና ስልኳ በጠራ ቁጥር ልቧ ዱብ ይላል፤ ቤት ገብታ ደግሞ ድስት እያማሰለች፣ የልጅ ጸጉር እየጎነጎነች፣ ከባሏ ጋር እያወራች፣ አንድ ጆሮዋ ሁልጊዜ ወዲያኛው ክፍል ነው። እዚያ አማቷ ይተነፍሳሉ።

አማቷ አስም አለባቸው። የሐኪሙ ቃል አጭር ነበር፦ «የሚሳበው መድኃኒት ካላሻላቸው አትጠብቁ፤ ቶሎ አምቡላንስ ጥሩ። ለእኚህ ሴትዮ መዘግየት አይሆንም።»

ኮምፓስ የሚለው ስም የወጣላት ትምህርት ቤት ነው። የሒሳብ መምህሯ ትልቁን የእንጨት ኮምፓስ ረስቶ በመጣ ቁጥር እሷን ያስነሳት ነበር፤ ጠመኔ ይዛ በባዶ እጇ ሰሌዳው ላይ ክብ ታዞራለች፤ ክቡ ሲገጥም ክፍሉ ያጨበጭባል። ስሙ እንደዚያው ተጣበቀባት። ዛሬ ባሏም፣ ጎረቤቱም፣ አለቃዋም ኮምፓስ ነው የሚሏት፤ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት የባንክ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ደጋግሞ ካልጠራት ዞር አትልም።

ሥራዋ ፊደል መሥራት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ፊደል እኮ ድሮ ተሠርቶ አልቋል!» ይላታል። እሷ ግን ተረጋግታ ታስረዳለች። በስልካችሁ የምታነቡት፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው፣ በሱቅ በር ላይ የተለጠፈው፣ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ሰው ተቀምጦ የሳለው ነው። ድሮ በብዕር የሚጻፈው አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል፣ ጫፉ ላይ ያብጣል። እሷ የምትሠራው አዲሱን ዓይነት ነው። ጭራ የለውም፤ ጌጥ የለውም፤ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ ክብና ቀጥታ መስመር፣ ሌላ ምንም።

ቢሮዋ ከጎሚስታ በላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ታች ጎማ ሲነፋ ላይ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። አለቃዋ ጥሩ ሰው ነው፤ ድምፁን አያነሣም፤ ሻይ ሲያፈላም ለራሱ ብቻ አያፈላም። አንድ እምነት ግን አለው።

«አንድ ክብ» ይላታል ጣቱን አየር ላይ እያዞረ። «ከአንድ ክብ ያልወጣ ነገር ማየት አልፈልግም።»

ከዐ ጀመረች። ዐ ራሱ ክብ ነው፤ አልተቸገረችም። መሐሉ ላይ አግድም መስመር ስታሳርፍበት ፀ ሆነ፤ ቁም መስመር ስታቆምበት ወ ሆነ፤ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ስታገጥም መ ሆነ። ሌሊትና ቀን የማይለየው ደስታ ያዛት። የፊደሉን ሙሉ ቤተሰብ አንድ በአንድ ከዚያ ክብ አወጣችው፤ በመጨረሻ ቁጥሮቹ ቀሩ። ስምንት ሁለት ክብ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ። ስድስት ደግሞ አንድ ክብ ሆኖ ከላይ ክንድ አለው። ክንዱን መጀመሪያ ለቀቅ አድርጋ ወደ ላይ ዘረጋችው።

አለቃዋ አንገቱን አዘመመ። «ጋሼ፣ ምን ጎደለው?» አለችው።

«ይሄ ልጅ ሳንቲም የሚለምን ይመስላል። እጁን ሰብስቢው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሰበሰበችው። ክንዱ ዞሮ ወደ ሆዱ ተጠጋ፤ በጫፉና በክቡ መካከል የቀረችው ክፍተት ጠባብ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ተሰብስቦ ያምራል። ከስምንት ጋር ጎን ለጎን ሲቆም መንትያ መሰሉ።

ፊደል የሚሠራ ሰው አንድ አመል አለው፤ ሥራውን ከልክ በላይ አስጠግቶ ነው የሚያየው። ስክሪኑ ላይ ፊደሉን የሰው ጭንቅላት አሳክሎ የጸጉር ያህል ሲያርም ይውላል። ሲጨርስ ያትምና ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ያያል። ኮምፓስም እንደዚያው አደረገች። እንደ ልቧ እንዳትሸሽ ግን ቢሮው ጠባብ ነው፤ ትንሽ ስትል ጀርባዋ ከበሩ ይጋጫል። ከበሩ ተደግፋ አየችው። አማረ። ወጣ።

ፊደሉ እንደተለቀቀ ከተማውን ወረረው። ዳቦ ቤቱ በሩ ላይ ጻፈው፤ አውቶቡሶቹ ጎናቸው ላይ ለጠፉት፤ የልብስ ሳሙናው፣ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ ሁሉም ተቀበለው። አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጇ መንገድ ላይ እጇን እየጎተተች «እማ! ያቻትና ያንቺ መ!» ትላለች። ኮምፓስም በደስታ ትስቃለች። ከጊዜ በኋላ ግን ደስታው ውስጥ አንድ ቅዝቃዜ ገባ። አንድ ቀን የምታውቀው የመጽሐፍ መደብር በር ላይ ሰንሰለት ታስሮ፣ ከሰንሰለቱ በላይ በእሷ ፊደል «ታሽጓል» ተብሎ ተጽፎ አየች። ሌላ ቀን የታጠረ ሜዳ ላይ «መግባት ለሕይወት ያሰጋል» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል፤ እሱም በእሷ ፊደል። ያ ሁሉ ክብ፣ ያ ሁሉ ልስልስ ያለ መስመር፣ ዳቦውንም ሰንሰለቱንም በአንድ መልክ ይናገራል። የእሷ እንዳልሆነ ሁሉ ትታው ሄደች፤ ግን ዞር ብላ ማየቷ አልቀረም።

በዚያ ሰሞን የሚኖሩበት የጋራ ግቢ ሕንጻዎች ታደሱ። የድሮዎቹ ቁጥሮች ጠፍተው ስለነበር የነዋሪዎች ኮሚቴ «ኮምፓስ እያለችልን የሰው ፊደል ምን ያደርግልናል?» አለ። ደስ አላት። ቁጥሮቹን በወፍራም ላስቲክ ላይ ቆርጣ ሰጠች፤ ላስቲኩ ግድግዳው ላይ ተደርጎ በስፕሬይ ቀለም ይረጫል። የሚረጨው የግቢው ጥበቃ ነው። ሻለቃ ይሉታል፤ ጦር ሰፈርን በአጥር ቀዳዳ እንኳ አላየም፣ ግን ሰላም ሲል ተረከዙን ያጋጫል። ሻለቃ ቀለም አይቆጥብም። አገር እንደሚያጠምቅ ረጨው፤ ቀለሙም በላስቲኩ ሥር እየሰረገ የስድስትን ጠባብ ክፍተት ከግራና ከቀኝ በላው። ኮምፓስ ቀርባ አየችው። ክር የምታህል ነጭ ቀርታለች። ትበቃለች አለች በልቧ።

እማዬ፣ አማቷን እንደዚያ ነው የምትጠራቸው፣ ከሰገነት ሆነው ቁልቁል እያዩ «ቤታችን ባንክ መሰለ እኮ! አሁን ደግሞ ብድር ሊሉን ይመጣሉ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የማያውቁት ሰው በራቸውን ማንኳኳት ጀመረ። አንድ ጠጋኝ መጥቶ ያልተበላሸ ፍሪጃቸውን ሊፈታ ተነሣ። አንዲት ሴት ከታክሲ ወርዳ «የእህቴ ቤት ይሄ አይደለም?» ብላ ሳሎን ድረስ ገባች። ሳቁ። የእኛ ብሎክ ስድስት ነው፣ ስምንት ወዲያ ከኋላ ነው እያሉ ሸኟቸው።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደግሞ በሩ ተንኳኳ። እማዬ ለበሩ ቅርብ ስለነበሩ ከፈቱ። ሁለት ሰዎች ላባቸው እየተንጠባጠበ ቆመዋል፤ በመካከላቸው የሬሳ ሳጥን ይዘዋል።

«እናት፣ እናስገባው ወይስ እዚሁ ይሁን?» አለ የፊተኛው።

«ምኑን?»

«ሳጥኑን ነዋ። በስልክ የታዘዘውን። ብሎክ ስምንት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል።»

እማዬ ሳጥኑን ከራስጌው እስከ ግርጌው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ብሎክ ስድስት ነው። ግን ይህን ሁሉ ደረጃ ካወጣችሁት አይቀር፣ እስቲ ልለካው?» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም ሲር ሲር ወደሚል ትንፋሽ። ኮምፓስ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ደገፈቻቸው።

«ቁጥሩን አታዩም እንዴ?» አለች ተቆጥታ።

የኋለኛው ሰው ሳጥኑን እንደተሸከመ ነበር። «እህቴ፣ እኛ ያየነውን ቁጥር ይዘን ነው የመጣነው። ስምንት ይላል። ነይና እዪው።»

እማዬን አሳርፋ፣ መድኃኒታቸውን አስይዛ፣ ከሰዎቹ ጋር ወረደች። እስከ ግቢው በር ወሰዷት። መኪና የሚገባበት ቦታ ላይ ቆማ ዞር አለች። ያቺ ክር የምታህል ነጭ የለችም። ርቀቱ ውጧታል። ራሷ የሳለችውን፣ ራሷ የቆረጠችውን ቁጥር አነበበች፤ ስምንት ይላል። ከኋላ በኩል ደግሞ እውነተኛው ስምንት አለ። ግቢው ውስጥ ሁለት ስምንት ነበር፤ ስድስት አልነበረም።

ሰዎቹ ሳጥኑን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። ብሎክ ስምንት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አርፈው ነበር። ኮምፓስ ግን በጆሮዋ ያቃጨለው የሐኪሙ ቃል ነው፦ «መዘግየት አይሆንም።»

ሰኞ ለአለቃዋ ነገረችው። ስቆ ያልፈዋል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልሳቀም። ከቢሮ ወርዶ መንገዱን ተሻገረ፤ እሷም የታተመውን ቁጥር በመስኮት ያዘችለት። ተመልሶ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ነበር።

«ልክ ነሽ። ክፈቺው። በሚቀጥለው እትም ይወጣል።»

«የወጣውስ ጋሼ? የት የት ነው የሄደው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ ቀስ ብሎ። «የገዛ ሰው ምን ላይ እንደሚጽፍበት አይነግረኝም።»

ቤቷ ገብታ አዲስ ላስቲክ ቆረጠች፤ ስድስቱን አፉን በደንብ ከፍታ። ሻለቃ ግን ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ግድግዳ አይነካም። «ትእዛዝ ነው እመቤቴ» አላት ተረከዙን አጋጭቶ። ኮሚቴው ሲፈቅድ ደግሞ ዝናቡ ጀመረ። ቀንም ማታም ያወርደዋል። አንድ ጊዜ ያባራ መስሏት መሰላል ይዛ ወጣች፤ አሮጌውን ቁጥር የሸፈነችበት ነጭ ቀለም ሳይደርቅ ዝናቡ መጣና ተዝለግልጎ ወረደ። የቀድሞው ጥቁር ከስሩ ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ አፉን እንደዘጋ።

ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ነገሩን ቀለል አድርጎ ያያል። «ይሄን ያህል አትጨነቂ። አንድ ነገር ከመጣ አንዳችን ከእማዬ ጋር እንሆናለን፣ አንዳችን በሩ ላይ ቆመን አምቡላንሱን እንቀበላለን። በቃ።» ጥሩ መላ ነበር። ሁለት ሰው ቤት ውስጥ ካለ።

እርጥበቱ ለእማዬ ደረት አልተመቸም። ቀልዳቸው እያጠረ መጣ። ጉም ግቢውን የዋጠበት ጠዋት፣ ባሏ ሥራ ሄዶ፣ ልጇ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ኮምፓስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል ወዲያኛው ክፍል ጸጥ አለ። ሲር ሲሩ ቆሟል። ሮጣ ገባች። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ተደግፈው፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል፣ ይወርዳል። አየር ግን አይገባም። መድኃኒቱን አሳበቻቸው። ደገመች። ከንፈራቸው ጠቆረ።

ደወለች። «ብሎክ ስድስት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ስድስት! ከበሩ ስትገቡ በቀኝ በኩል ነው፤ ቁጥሩን አትመኑት፣ ስምንት ይመስላል!»

«ስድስት፣ ገባኝ። እየመጡ ነው፤ ስልኩን አትዝጊ» አላት ሰውየው፤ ጥሪው ግን ተቆረጠ። ሻለቃ ጋ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሣም። ሻለቃ በዚያች ሰዓት በታችኛው በር ጭቃ የያዘው መኪና እየገፋ ነበር።

የአምቡላንሱ ጩኸት በጉሙ ውስጥ መጣ። በአንድ እጇ ከአልጋው አጠገብ ያለውን መስኮት ከፈተች። ቀዩ መብራት ጉሙን እየቀባ በሩን አለፈ፤ ከሕንጻቸው ሥር ደረሰ፤ ፍጥነቱን ቀነሰ። «እዚህ ነው!» ብላ ጮኸች። መብራቱ አለፈ። ወደ ኋላ፣ ወደ ስምንት ሄደ። ድምፁ እዚያ ቆመ።

እማዬ እጇን ጨብጠዋት ነበር። ለቀቋት። «ሂጂ» አሉ፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈራቸው ብቻ ነው የተነቃነቀው።

ትታቸው ሮጠች። አንድ ጫማዋ ደረጃው ላይ ቀረ። ጭቃውን እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። ብሎክ ስምንት ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ከነቃሬዛቸው በተከፈተ በር ፊት ቆመዋል፤ በሩ ላይ ጥቁር የለበሱት ባልቴት በሩን ይዘው «ደግሞ ማን ሞተ?» ይላሉ። ለሠራተኞቹ የደረሳቸው «ስድስት፣ ሦስተኛ ፎቅ» የሚለው ብቻ ነበር፤ የፊተኛውን ሕንጻ ስምንት ነው ብለው አልፈውት፣ ስድስትን ሲያጡ መጨረሻው ላይ ሊጠይቁ ወጥተዋል።

«ስድስት!» አለች ኮምፓስ። ሌላ ቃል አልወጣላትም።

ሲመለሱ በሩ አልከፈት አላቸው። እማዬ እየተሳቡ እስከዚያ ደርሰው፣ እጃቸውን ወደ መቀርቀሪያው እንደዘረጉ ከበሩ ሥር ወድቀው ነበር። ገፍተው ገቡ። ጭምብሉን አፋቸው ላይ አደረጉላቸው። ቆይቶ ደረታቸው አንድ ጊዜ ተነሣ።

ሐኪም ቤት እማዬ በሕይወት ገቡ። ኮምፓስ በአንድ ጫማ አልጋው ግርጌ ቆማለች። እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ከነጭ ግድግዳ ላይ፣ ያምር የነበረው ስድስት ቁልቁል ያያታል። የእሷ ቁጥር ነው። በየአልጋው ራስጌ፣ እስከ አዳራሹ ጫፍ ድረስ፣ የእሷ ቁጥር ነው። አንዲት ነርስ «አልጋ ስምንት» እያለች መርፌ በሰሐን ይዛ መጣች። ከእማዬ አልጋ ፊት ቆመች። ቀና ብላ አነበበች፤ ቀረብ ብላ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ ስድስት መሆኑን አይታ ወደ እውነተኛው ስምንት አለፈች።

ኮምፓስ ተከተለቻት። «እህቴ፣ ፕላስተርና እስክርቢቶ ስጪኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ስጪኝ ብቻ፤ ኋላ እነግርሻለሁ።»

ፕላስተሩን ከእያንዳንዱ ስድስት በላይ ለጠፈች፤ በእጇ፣ በትልቁ፣ ክንዱ የተዘረጋ ስድስት ጻፈች። ክቡ አልገጠመም፤ አላረመችውም። ነርሷም ቁጥሩ እንዳሳታት ስለገባት ፕላስተር ትቆርጥላት ነበር።

እማዬ ዛሬ ቤታቸው ናቸው። አልጋቸው አጠገብ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል፤ ደረጃ መውረድ ቀርቷል። ሲሊንደሩን «ሁለተኛው ባሌ» ይሉታል፤ ከመጀመሪያው የሚሻለው ስለማያንኮራፋ ነው ብለው። የግቢው ቁጥር ዝናቡ ሲያቆም ተቀየረ፤ አለቃዋም አዲሱን እትም ለገዙት ሁሉ ያለ ክፍያ ላከ። ግማሾቹ እንኳ መልስ አልሰጡም። አሮጌው ስድስት ዛሬም የት የት ግድግዳ ላይ እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ በየቀኑ የሆነ ቦታ አዲስ ይረጫል።

ስለዚህ ኮምፓስ ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ አንድ ነገር አድርሱልኝ ብላለች፤ ቃሏን እንዳለ ይኸው።

«ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ወዲያው አትግቡ። መኪና የሚቆምበት ድረስ ሸሹና ቁጥራችሁን እዩት። ጀምበር ስትጠልቅ እዩት፤ ሲዘንብ እዩት፤ ቤታችሁን የማያውቅ ሰው አምጥታችሁ ‹ስንት ይላል?› በሉት። ከተጠራጠረ፣ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ከተጠራጠረ፣ ማንንም አትጠብቁ። ብሩሽ ያዙና በእጃችሁ፣ በትልቁ ጻፉት። ማማሩ ይቅር። ወደ እናንተ የሚሮጠው ሰው ይድረስላችሁ።»